የበቅሎ ማሰሪያው ነፃ ወረቀት

አባቴ ሰቆጣ ገበያ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች ፈንጂ ወስዶበታል። እዚያው ሰቆጣ አጠገብ ዝቋላ በሚባለው ወረዳ በኩል ካለው መንደራችን እስከ ከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ በበቅሎ ይመጣና በቅሎዋን አጠገቡ አስሮ፣ የመፍቻ ሣጥኑን ከፍቶ ይቀመጣል። ማታ ሰው ደግፎ ኮርቻው ላይ ያወጣዋል። ቤታችን የሚበላው ከዚያች ሣጥን ነበር። እኔ ያኔ ከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዘጠነኛ ክፍል እማራለሁ፤ የገበያ ቀን ከትምህርት ስወጣ እሱ ዘንድ ሄጄ እቀመጣለሁ።

አንድ ዓመት የገበያ ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመና አባቴ የሚቀመጥበትን ሜዳ በቆርቆሮ አጥሮ የጋማ ከብት ማሰሪያ አደረገው። እዚያ የሚያስር ይከፍላል፤ የማይከፍል ታች ደረቁ ወንዝ ውስጥ ይሰር ተባለ። ከወንዙ እስከ ገበያው ዳገት ነው፤ ጠጠሩ ለደህና እግርም ያዳልጣል። ሬዲዮ ከሚያስጠግነው ሰው ግማሹ አዝመራ ሲገባ እከፍላለሁ ባይ ስለሆነ አባቴ ባዶ እጁን የሚውልበት ቀን ይበዛል። በዚያን ቀን ወንዝ ያስርና ዳገቱን በክራንች ይወጣል። ሣጥኑን እኔ እሸከምለታለሁ፤ እሱን ግን መሸከም አልችልም።

በማሰሪያው በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያነበብሁት እኔ ነኝ። ከታች በኩል፣ አካል ጉዳተኛ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ከተረጋገጠለት ከክፍያ ነፃ ነው ይላል። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ሰው ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል። ሮጬ ነገርሁት።

«ለማኝ ልታደርጊኝ ነው?» አለኝ።

«ልመና አይደለም አባ፣ ሕግ ነው። ተጽፏል።»

«ሕግ ከሆነ መቅረቡ ለምንድር ነው? ዐይናቸው ሥር አይደለም የምቀመጠው?»

ሁለት ወር እምቢ ብሎ በመጨረሻ እሺ አለ። እሺ ያሰኘው ዳገቱ እንጂ የእኔ ምክር አይደለም።

የቀጠሮው ዋዜማ መንደር ወረድሁ። በእኛ አገር ሰው ፊት፣ ይልቁንም ሹም ፊት የሚቀረበው ገመናን ሸፍኖ ነው። የራበው ጠግቤያለሁ ይላል፤ የታመመው እግዜር ይመስገን ይላል። ቁስሉን ገልጦ የሚያሳይ የደጀ ሰላም ለማኝ ብቻ ነው። እናቴ ጋቢውን አጥባ አነጣችው። እኔ ደግሞ ደሴ ወስደው የሰጡትን ሰው ሠራሽ እግር ከተሰቀለበት አወረድሁት። የተቆረጠውን ቦታ ስለሚልጠው የሚያደርገው ለንግሥ በዓልና ለሠርግ ብቻ ነበር።

«ይቅር፣ ክራንቹ ይበቃኛል» አለ።

እናቴ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና መለሰችለት፤ ራቁትህን ልትቀርብ ነው? ማለቷ ነው። እኔም አገዝኋት። ጠፍሩን ያጠበቅሁት በገዛ እጄ ነው። ሱሪውን እስከ ጫማው አውርጄ ሸፈንሁለት። አምሮበት ነበር፤ ደስ አለኝም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሁለቱ ያገራችን ነጋዴዎች ሲሆኑ የሚጠይቀውና የሚጽፈው ግን ከሌላ አውራጃ ተመድቦ የመጣ ወጣት ጸሐፊ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ክራንቹን ለእኔ ሰጥቶ በሁለት እግሩ ገባና እጅ ነሣ። ተቀመጡ ቢሉት ቆሞ ቀረ።

«አባት፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለው ጸሐፊው።

«እግዜር ይመስገን፤ ምንም አልል።»

«መራመድ ያስቸግርዎታል?»

«እሱ እንደፈቀደ እንሄዳለን። ምን ጎደለብን።»

ይህ መልስ በእኛ ዘንድ ተቸግሬያለሁ ማለት ነው። ጸሐፊው ግን የሰማውን ጻፈ። ሁለቱ ነጋዴዎች አባቴን አሳምረው ያውቁታል፤ አንዱማ ሬዲዮውን ያሠራው በዚያው ሳምንት ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ እሱ የሸፈነውን እነሱ በምን አፋቸው ይገልጡታል? ሁለቱም አቀረቀሩ። እኔም ክራንቹን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ፣ ሱሪውን ገለጥ አድርጉት ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። አባቴን ሰው ፊት ማዋረድ መሰለኝ። መንቀሳቀስ የሚችል ሆኖ ስለተገኘ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም ተብሎ ተጻፈ።

ክፋቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አባቴ ሹም ፊት ደህና ነኝ ብሏል። የጸሐፊው መስኮት ወደ ዳገቱ ያያል፤ በዚያ በኩል በክራንች ማለፍ ውሸታም መባል ሆነበት። ስለዚህ በየገበያው ያንን እግር እያጠለቀ ዳገቱን ይወጣ ጀመር። ተው ብዬ ለመንሁት፤ አልሰማኝም። ቁስሉን ከእናቴም ደበቀ። ያወቅነው ሽታው ሲመጣ ነው፤ ያኔ እብጠቱ ጉልበቱን አልፏል። በቅሎዋን ሸጠን ደሴ ወሰድነውና ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሲመለስ መንደር ድረስ የሚወስደው ስላልነበር እኔ ክፍል አስተኛሁት። ተደግፎ መቀመጥ እንኳ አቃተው፤ ሬዲዮ መፍታቱም በዚያው ቀረ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት ጸሐፊው ነው። ሰምቶ ኖሮ ብርቱካን ይዞ መጥቷል፤ ፊቱም የሚያዝን ሰው ፊት ነበር። እጠላዋለሁ ስል የኖርሁትን ሰው ወንበር አቀረብሁለት። ከኪሱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አወጣ።

«አባት፣ አስፈቅጄልዎታለሁ። አሁን መመሪያውን ያሟላሉ።»

የሚታሰር በቅሎ እንደሌለን ለመንገር አፌን ከፈትሁ፤ የወጣኝ ግን እግዜር ይስጥልን የሚል ቃል ነው። ዛሬም ድረስ ያቃጥለኛል። አባቴ ከመኝታው ቀና ሊል ሞከረ፤ አልቻለም። ጋቢውን በሌለው እግሩ ላይ ጎተት አደረገና፣

«ይቅር በለኝ ልጄ» አለው፣ «ተነሥቼ አልተቀበልሁህም።»