ረግረጉ ላይ የቀረች ዱካ

ቅዳሜ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ አጠገብ ባለ አንድ ጥብቅ ረግረግ ውስጥ በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። መሬቱ እንደ ስፖንጅ ውሃ በሚመጥ፣ ሞስ በሚሉት ተክል የተሸፈነ ነው። አንዴ ከተረገጠ ለማገገም ዓመታት ስለሚፈጅበት ጎብኚ ከእንጨቱ መተላለፊያ መውረድ ክልክል ነው።

በቀደም አለቃዬ የተረገጡትን ቦታዎች እንድደፍን አንድ ባልዲ ሞስ አስይዛ ላከችኝ። ስደርስ አንድ ሽማግሌ መተላለፊያው ጠርዝ ላይ ተንበርክከው ቁልቁል ያያሉ። ሊወርዱ መስሎኝ በእንግሊዝኛ ጮህኩባቸው። ዞር ብለው መልኬን አዩና፣ «ኧረ አልወርድም ልጄ» አሉኝ በአማርኛ። እንዴት እንዳፈርኩ!

«ይቅርታ አባባ። ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«ምንም አልጠፋኝ። ይቺ የባለቤቴ እግር ናት» ብለው ሞሱ ውስጥ የቀረች ትንሽ ዱካ አሳዩኝ። አምና አብረው ሲመጡ አዳልጧት ረግጣው ኖሯል። ጥር ላይ አረፈች። «የተቀበረችው ሮክቪል ነው። እኔን ግን እግሬ ወደዚህ ያመጣኛል።»

ባልዲውን ከኋላዬ ደበቅኩት፤ ግን አይተውታል። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ መዋሸት አቃተኝ።

«ይቺን እዘላታለሁ፤ ማንም አያውቅም» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ዱካዋን ደግመው አዩ።

«አይሆንም። ያንን የመሰለ ቦታ አበላሸሁት እያለች እስከ መጨረሻዋ ስትጸጸት ነበር።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከባልዲው አንድ እፍኝ ሞስ ዘግነው፣ ከተረከዟ ጀምረው ዱካዋን በገዛ እጃቸው ደፈኑት።