ድንቹን የት ተከላችሁት?

ልጄ እኔው ቤት እየኖረች፣ ማርኬቲንግ የሚሉትን ትምህርት እዚሁ ደብረ ታቦር በማታ ተምራለች። እኔ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ስላልተማርኩ ብዙውን አላውቀውም። የመጨረሻውን ግን አውቀዋለሁ፤ የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው በእኔ ላይ ነው። ለገበሬ የዘር ድንች እሸጣለሁ፤ ደንበኞቼ በዘሩ ምን ያህል እንደረኩ ልታጠና ተነሣች።

መጠይቅ አዘጋጀች። አንድ ማለት አልረካሁም፣ አምስት ማለት በጣም ረክቻለሁ ነው። ቅዳሜ ገበያ አጠገቤ ቆማ፣ አምና ዘር የወሰደውን ሁሉ ጠየቀች። ከገሳይ የመጡ አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል።

«አባቴ፣ በዘሩ ምን ያህል ረክተዋል?»

«ተመስገን ነው ልጄ፣ ምን ይወጣለታል!»

«አምስት ልበል?»

«በይ እንጂ። ከዚያ በላይ ካለም ጨምሪበት።»

ሁሉም እንዲሁ አለ። ባለቤቱ ቆሞ እየሰማ ዘሩን ማን ያጥላላል?

መልሱን ኤክሴል በሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ብታስገባው አምስት ቁጥር ላይ አንድ ረጅም ሰማያዊ ቋሚ ብቻ ወጣ። መምህሯ ወረቀቱን መለሰባት። «ይኼ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የሞላሽው ነው፤ በሁለት ሳምንት ደህናውን ካላመጣሽ ዘንድሮ አትመረቂም» አላት። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

«ረካችሁ ወይ አትበይ» አልኳት። «ድንቹን የት ተከላችሁት በያቸው። እኔም እዚያ አልቆምም።»

«አባዬ ደግሞ! የተከሉበት ቦታ ለእርካታ ምን ያደርግልኛል?»

«ሰው ጓሮው የሚያስገባ ያመነውን ዘር ነው።»

ፍግ የጠገበ ጓሮ ለገበሬ ትልቅ ነገር ነው። ዘሩ ድንች የሚያጠወልግ በሽታ ይዞ ከመጣ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የተጠራጠሩትን ዘር ራቅ ያለ ማሳ ዳር ይሞክሩታል እንጂ ቤታቸው አጠገብ አያደርሱትም።

በሳምንቱ ብቻዋን ሄደች፤ እኔ ቤት ዋልኩ። ማንም አልተሳቀቀባትም አለች፤ የተከሉበትን መናገር ምን ያሳቅቃል? ቁጥሩን ስታስገባ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሁን ቋሚዎቹ ሁለት ሆኑ። አጭሩ ጓሮ፣ ረጅሙ ማሳ ዳር።

 

«ስምዎን አላስገባሁትም» አለች። «ግን መምህሩ ያውቁዎታል። ሌላ ሻጭ እንዳላጠና ደግሞ ቀኑ አይበቃኝም።»

«ለምን እንደተጠራጠሩ ጠይቀሻል?»

«ጠይቄያለሁ። ከየቦታው የሰበሰቡትን ዘር ይቀላቅላሉ አሉኝ።»

እውነታቸውን ነው፤ እቀላቅል ነበር። የአንዱ ቦታ ዘር ከታመመ ደግሞ ሁሉንም ይበክላል።

«ይኼንም ጻፊና አቅርቢው» አልኳት።

አቀረበች፤ መምህሩ ተቀበላት፤ ተመረቀች። እኔም ዘንድሮ የየቦታውን ዘር ለየብቻ ነው የማስቀምጥ። ብዙ ቦታ ይፈጃል። ረጅሙ ቋሚ ያጥር እንደሆን ገና አላወቅሁም።