ለዕዝራ የሚጠበቀው ተራ

እንኳን ደስ አላችሁ፤ ወጣ። ወጣ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተን ነበር፤ ዛሬ ግን በእጄ ነው ያለው፣ ፕላስቲኩንም በጥርሴ ነው የቀደድኩት። አልበም ነው። በፈረንሳይኛ፣ ሁሉም ዘፈን የሁለት ሰው። ሽፋኑ ላይ ነጭ ሻሽ አስራ የምትስቀው ደግሞ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሆቴላችን የልብስ ማጠቢያ ሎንድሪ ውስጥ ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈው ስሂን ናት።

እናቴን የምታክል ሴት አንቱ አለማለቴ አይድነቃችሁ። ሥራ የገባሁ ሰሞን “እርስዎ” ብላት፣ “አቦ ሂዊ፣ ድሬዳዋ አንቱ የለም፤ አሮጊት አታድርጊኝ” ብላኛለች።

ፈረንሳይኛውን ያመጣችው ከምድር ባቡር ሰፈር ነው። በሠራተኞቹ ክበብ ትዘፍን ነበር፤ አብሯት የሚዘፍነው ዕዝራ የሚባል ሐዲድ ጠጋኝ ነው። እሷ አንድ ስንኝ፣ እሱ አንድ ስንኝ። በሱማሌ ጦርነት ጊዜ የተቆረጠ ሐዲድ ሊጠግን ወጣና ሳይመለስ ቀረ። ሬሳውን ያየ የለም፤ በሕይወት አየሁት ያለም የለም። ስሂን ጅቡቲ ሄዳ ዘፈነች፣ ልጅ ወለደች፣ ልጇ ወደ አሜሪካ አመጣቻት። የዕዝራን ስንኝ ግን ለማንም አልሰጠችም። የራሷን ትዘፍንና ዝም ትላለች፤ የእሱ ተራ እስኪያልቅ ጠብቃ ትቀጥላለች። ማድረቂያው እየጮኸ፣ እኔ የአንሶላውን ጫፍ ይዤ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ስትጠብቅ ስንቴ አይቻለሁ። አንዳንዴ ፈገግ ትላለች። ያኔ በዚያ ሁሉ ሙቀት መሀል ጀርባዬን ይበርደኛል።

አንድ ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሠርግ ላይ ዝፈኚልን ተብላ፣ ያው እንደ ልማዷ ዝም አለች። እንግዳው ሽልማት የምትጠብቅ መስሎት እየተጋፋ ወጥቶ ግንባሯ ላይ ዶላር ይለጥፍ ጀመር።

“እማማ፣ ይበቃል ወይስ እንጨምር?” አሏት የሙሽራው አጎት።

አልሰማቻቸውም። ዶላሩ ዓይኗ ላይ እየተንጠለጠለ የዕዝራ ተራ እስኪያልቅ ቆመች። በመኪና ስመልሳት፣ “ደህና ከፈሉት” አለች። “ማንን?” ብላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በፈቃዱ የሚባለው ሙዚቃ ቀራጭ ያያት እዚያ ሠርግ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቱ ሥር፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ስቱዲዮ አለው። ከተለያዩ ዘፋኞች ጋር እያጣመርኩሽ አልበም እንሥራ አላት። ሌሎቹ ዘፈኖች እንደ ቀልድ አለቁ። የቀረው ከዕዝራ ጋር ትዘፍነው የነበረው ነው። በፈቃዱ ለዕዝራ ተራ ሳቢራ የምትባል፣ እዚሁ የተወለደች፣ ፈረንሳይኛ ኮሌጅ የተማረች ልጅ አገኘ። የቀረጻው ዕለት ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ስንሄድ ስሂን እጇን ታሻሻለች።

“ሌላ ሰው ቦታው ላይ ከቆመ አይመጣም” አለችኝ።

“ታዲያ እምቢ በያ።”

“እኔ ስሞትስ? ማን ዝም ይልለታል?”



ስቱዲዮ ገብታ የራሷን ስንኝ ዘፈነችና ዝም አለች። ሳቢራ በዕዝራ ተራ ገባች፤ ትንሽ ዘግይታ፣ ቃሉን ጎተት አድርጋ። ስሂን ሄድፎኗን አወለቀች።

“እንደዚህ ግቢ ያለሽ ማነው?”

“ኖ ዋን” አለች ሳቢራ። “ሰውዬውን ፎሎው አድርጌ ነው።”

“የቱን ሰውዬ?” አለ በፈቃዱ ከመስታወቱ ወዲያ።

“ሄድፎኑ ላይ ያስገባኸውን። እንድከተለው መስሎኝ።”

“እኔ ያስገባሁት የለም።”

ገመዱን ሁሉ ነቃቀለ። ሬዲዮ ይሆናል አለ፤ የጎረቤት ነው አለ። ስሂን ልጅቷን ብቻ ነው የምታየው።

“ድምፁ ምን ይመስላል?”

“ላይክ፣ ጉንፋን የያዘው። ሳቁ መጥቶበት የሚይዘው ዓይነት።”

ስሂን በእጇ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በፈቃዱ ሌላ ቴክ እንቅረጽ ቢላት፣ “አቦ ተወው። እንዳለ ይውጣ” አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሎንድሪ ውስጥ ስትዘፍን ዝም ትልና ቶሎ ዓይኗን ትገልጣለች። አንድ ቀን አንሶላ እያጠፍን፣ “የለም” አለችኝ። “እዚያ ቀረጻው ውስጥ ገብቷል። ከኔ ጋር አይደለም።” የአንሶላውን ጫፍ አቀበልኳት። ተቀብላኝ፣ “ይሁን። እኔ ስደክም እሱ አይደክምም” አለች።

ዛሬ ጠዋት ሲዲውን ሰጠችኝ። መኪናዬ ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ ያንን ዘፈን ከፈትኩ። ሳቢራ ስትገባ ከሥሯ የሆነ ነገር አለ። ትንፋሽ ይሁን ሰው፣ እኔ አላውቅም። ድምፁን ጨመርኩ፣ መልሼ ቀነስኩ፤ ፈራሁም፣ ደስ አለኝም፣ እንዲህ አብረው እንደሚመጡ አላውቅም ነበር። እኔ ከዕዝራ የማውቀው ዝምታውን ነው። ከስሂን ሌላ ድምፁን የሚለየው ከወንዙ ማዶ፣ ፔትዎርዝ ሰፈር የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ መንገሻ ነው፤ መሞቱን ሳላውቅ ብሎ እስከ ዛሬ ተዝካሩን እንኳ አላወጣም። ስሂን “ከኛ ቀጥሎ እሱ ይስማው” ብላኛለች። ብደውል ብደውል አያነሳም፤ ስለዚህ ድልድዩ በመኪና ሳይዘጋ ልሂድለት ብዬ ሲዲውን ይዤ ወጥቻለሁ።