የእትዬ ገበያነሽ ሁለተኛ ስንኝ

ከዳባት እስከ ደባርቅ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥላ የምትጠራው ሙሾ አውራጇ እትዬ ገበያነሽ ነበረች። ጠሪው አስቀድሞ የሟቹን ስም ይነግራታል፤ ቤት የሚመታው በስሙ ነውና። የመጀመሪያው ስንኝ በስሙ መጨረሻ ድምፅ ያልቃል፤ ስሙ ራሱ በሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ይወድቃል። ልኩን በጣቷ ትቆጥራለች፦ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። አንዲት ከጎደለች "አነከሰ!" ብላ ታፈርሰዋለች።

እኔ አረጋሽ ጎረቤቷ ነኝ፤ ሙያውን የለመድሁት ከእሷ ነው። አንድ ቀን ለልምምድ ብዬ በአንድያ ልጇ በልደቱ ስም ቤት ልመታ ስል አፌን በመዳፏ ከደነችው።

"በቁም ሰው ስም ሙሾ አይሞከርም!"

ተቆጥታ ሳይሆን ፈርታ ነበር። ልደቱ በሊማሊሞ የሚወርድ የጭነት መኪና ረዳት ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ቄሱ አባ መልከ ጼዴቅና ጎረቤታችን ደርቤ ከደጇ ቆሙ። እኔም ከኋላቸው ነበርሁ። መርዶውን ሦስታችንም ሰምተናል።

"ልቅሶ አለ፣ ገበያነሽ" አሉ አባ።

"የማን ነው አባ? ስሙን ይንገሩኝ እንጂ፤ በምን ቤት ልምታ?"

አባ መስቀላቸውን አገላበጡ። ፈሪዎች ነን! አገሩን ሁሉ ስታስለቅስ ለኖረች ሴት መርዶ የሚነግር ወንድ ጠፋ።

"ወጣት ነው?"

"ወጣት ነው" አለ ደርቤ መሬት መሬት እያየ።

"ምን አገኘው?"

"መኪና ተገለበጠበት።"

"የሰው ነው የጭነት?"

"የጭነት።"

"እኔን! ምን ትሁን እናቱ!" ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አፏ እንደ ልማዱ ቀደማት።

"ጭነት ይዞ ወርዶ፣ ሳይመለስ ከቤቱ..."

ላስቆማት እጄን ዘረጋሁ፤ አላየችኝም። ጣቶቿን ቆጠረች። ስድስት፣ ትንፋሽ፣ ስድስት። አላነከሰም።

"ስሙ በዚህ ቤት ይገባል?" አለች ቀስ ብላ።

እያንዳንዳችንን አየችን። ከዚያ ያንኑ መዳፏን በገዛ አፏ ላይ ከደነችው።

በቀብሩ ሙሾ የሚያወርድ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሷ የጀመረችውን ስንኝ ተቀበልሁና ሁለተኛውን ጨመርሁበት፤ ያን ቀን የከለከለችኝን ስም ከመጨረሻው አኖርሁት። ድምፄ ተቆርጦ አንዲት ቀለም ዘለልሁ። እትዬ ገበያነሽ ከሬሳው ሳጥን አጠገብ ሆና በጣቷ ስትቆጥር አይቻታለሁ። አንዱ ጣቷ ሳይታጠፍ ቀረ።

አነከሰ አላለችም።