ካቡ ውስጥ የነበረው እጅ

ዛሬ ጎረቤቴ ቅንጭብ ሲከረክም ሽታው ወደ ደርግ ዘመን ባሕር ዳር መለሰኝ።

ተዳፋቱ ጓሯችን ወደ እትዬ ጥሩ ግቢ እንዳይናድ አባዬ ወሰኑን በድንጋይ ክቦ ቅንጭብ ይተክል ነበር። በካቡ ቀዳዳ እጄን ብሰድ ከውስጥ የሰው እጅ ጨበጠኝ! የጣና ጉማሬ ሁሉ እስኪደነብር ጮህሁ።

«ዝም በይ! ካቡ ውስጥ የደበቅሁት የእትዬ ጥሩ ልጅ ነው፤ ከተያዘ ይረሸናል!» አለኝ አባዬ። መረሸን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ፊቱን አይቼ ግን አፌን በእጄ ከደንሁ።

የቀበሌው ጥበቃ ጩኸቴን ሰምቶ ከተፍ አለ። እትዬ ጥሩ ከግቢያቸው ሮጠው መጥተው ቅንጭብ ሰብረው ወተቱን ጉንጬ ላይ ለቀለቁትና «ዓይኗ ገባ! ልትታወርብን ነው!» አሉ።

«መድኃኒቱ የጡት ወተት ነው!» ብሎ ጥበቃው ጠመንጃውን ለአባዬ አስይዞ፣ አራስ ሚስቱን ሊያመጣ በረረ።

ሴትዮዋ ደህናውን ዓይኔን በወተቷ ስታጥብ ልጁ ከካቡ ወጥቶ ከከተማው ዳር ያለችውን ሰባታሚትን አልፏል። እኔ እስከ ዛሬ ክው እንዳልሁ ነኝ።