ፈረስ ቤትን የሰጠሁ ዕለት

ይህ ነገር ሊነገር የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልተደበደበም፤ ምንም አልተሰረቀም። ሁለት ልጃገረዶች እንቆቅልሽ ተጫወቱ፣ አንዷ ተሸነፈች፤ ከዚህ የበለጠ የለውም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ተማሪ የስንቅ ጆንያዋን ዶርማችን በር ላይ ስታሳርፍ ሽታው መጣብኝ፤ የደረቀ ቃጫ፣ የአፈርና የድንች ሽታ። ያን ቀን ደብተሬን ገልጬ ማንበብ አልቻልኩም። እንግዲያው ልናገረው፤ ካሰለቸኋችሁ ይቅርታ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ፍኖተ ሰላም ከእናቴና ከአያቴ ጋር እኖር ነበር። አያቴ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ኋላ ያረሱ፣ ሲደክሙ ከእኛ ጋር ሊኖሩ ከተማ የገቡ ሰው ነበሩ። ሥራ መፍታት አይወዱም። የእህል ነጋዴዎች የተቀደደ ጆንያ ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው በትልቁ መርፌ ይጠቅሙታል። እየጠቀሙ ተረት ያወራሉ። የሚያወሩት ለእኔ ነበር። ለእኔ ብቻ።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ጓሯችን ያለችውን ክፍል ፈረስ ቤት ከምትባል ከተማ ለትምህርት የመጣች አንዲት ልጅ ተከራየች። አንድ ክፍል ደረሰን። የአማርኛ መምህራችን ከቤተ መጻሕፍት አንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አዋሷት፤ የዓለም ሕዝቦች አፈ ታሪክ የተሰበሰበበት ነው። መጽሐፉን እኔም ጠይቄ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለአያቴ ታነብላቸው ጀመር።

የነካው ሁሉ ወርቅ ስለሚሆንለት ንጉሥ ስታነብላቸው መርፌያቸውን አቁመው አዳመጧት።

«የሚበላውም ወርቅ ሆነ?»

«የሚበላውም፣ አባባ። የሚጠጣውም።»

«ጉድ! ሁሉም ወርቅ ሆኖ ሰም አጣ በይኛ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔ ውስጥ ሆኜ ልብስ እያጠፍኩ ሳቁን ሰማሁት። እንደዚያ ለእኔ ስቀው አያውቁም፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ሌላ ቅዳሜ ደግሞ፣ በምዕራብ አፍሪካ፣ ተረት ሁሉ የሰማይ አምላክ ሀብት እንደነበረና ሸረሪት ነብር አስራ፣ ተርብ በቅል ይዛ እንደገዛችው አነበበችላቸው። «ምስኪን፣ ብዙ ደከመች» አሉ አያቴ። «እኛ ዘንድ እኮ በዳቦ ነው።» ከዚያ «የባዕድ ተረት ሲገባ የአገር ተረት ይወጣል» ብለው እሳቸውም አንድ ነገሯት። ሕጋቸው ይህ ሆነ። አንድ ታነባለች፣ አንድ ይነግሯታል።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አያቴ «እስከ ዛሬ ትጠራታለች» ብለው ሲጨርሱ ደረስኩ። ልጅቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ያን ተረት ሰምቼው አላውቅም።

«የምን ነበር አባባ?»

«የሁለቱ ወንዞች።»

«ለእኔም ይንገሩኝ።»

«አለቀ እኮ ልጄ» አሉኝና ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ። ይሰፉ የነበረው የእሷን ጆንያ ነበር፤ ስንቅ ከፈረስ ቤት የምታመጣበትን። ጥጉን በሰማያዊ ክር፣ እንደ ጥልፍ አሳምረው። የእኔ ቦርሳ ማንገቻው ከተበጠሰ ወር አልፎት ነበር። ጠቅሙልኝ ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ ግን ሊያዩት ይገባ ነበር። ያን ቀን እራት አልበላም አልኩ። እናቴ ራሴን ያመመኝ መስሏት ሻይ አፈላችልኝ።

ግንቦት ውስጥ አንድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ይንጫጫል። ሦስታችንም በረንዳው ላይ ነበርን። «እስቲ እንቆቅልሽ ተጫወቱ፣ ልስማችሁ» አሉ አያቴ።

መጀመሪያ እኔ አሸነፍኩ። ያልመለሰ አገር ይሰጣልና ቡሬን ሰጠችኝ። ደስ ብሎኝ ተነሣሁ፤ «ቡሬ ገብቼ፣ ምን አጥቼ! በርበሬው ለእኔ፣ ማስነጠሱ ላንቺ!» አልኳት። እሷም አብራኝ ሳቀች። ከዚያ የእሷ ተራ ሆነ።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልሽ።»

«ለእንግዳ ሰጠሁት፤ ከቤቴ አልወጣም።»

አያቴ መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ይህ ከማን የሰማሽው ነው?»

«ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፣ አባባ።»

«አበጀሽ!» አሉ። ሁለት ጊዜ አሉት። «አበጀሽ!»

«እሳት» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«እሳትማ በገል ተጭሮ ይወጣል።»

«ሰላምታ።»

«አይደለም። አገር ስጪኝ በቃ።»

ጎንደርን ልሰጣት እችል ነበር። አዴትን፣ ጅጋን፣ የፈለግኩትን። ያ «አበጀሽ» ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«ፈረስ ቤትን ሰጠሁሽ» አልኳት። «ሂጂና ግዢው።»

ተቀባይ «ገብቼ፣ ምን አጥቼ» ብሎ ይሳለቃል፤ ከዚያ መልሱን ይናገራል። እሷ ሁለቱንም ተወች። እኔን አላየችኝም፤ የዝናቡን ጠብታ ነበር የምታየው። ቀስ ብላ ተነሥታ፣ መጽሐፉን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ክፍሏ ሄደች።

አያቴ መርፌያቸውን መልሰው አነሡ። «ሰሙን ሰማነው» አሉ፤ «ወርቁም ጮኾ ተሰማ።»

«ጨዋታ ነው እኮ አባባ።»

«እሱማ ጨዋታ ነው።»

ሰኔ ላይ ፈተና ጨርሰን ልጅቷ ጅጋ ወዳለች አክስቷ ሄደች፤ ትምህርቷንም እዚያው ቀጠለች። ጆንያዋን አዝላ ስትወጣ አያቴ እስከ አስፋልቱ ሸኟት። እናቴ «ምን ብለሻት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም። አገር ነው የሰጠኋት» አልኩ።

በረንዳው ለእኔ ብቻ ሆነ። አያቴ ተረታቸውን አልከለከሉኝም። የወንዞቹን ስጠይቃቸው ግን «የሰጠሁትን እንዴት እሰጣለሁ?» ይሉኛል። የእንቆቅልሹን መልስ ስጠይቃቸውም «መልሱ የእሷ ነው፤ ከእሷ ውሰጂ» ይላሉ። ጅጋ ሩቅ አይደለችም፤ ሚኒባሱ ከበራችን ፊት ለፊት ያልፍ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተሳፈርኩም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አያቴ አረፉ። በአርባቸው ልጅቷ መጣች፤ ጆንያ ሙሉ ድንች ለተዝካሩ ይዛ። ሰው ሲበተን ጓሮ ተቀምጠን ሳህን አጠብን። «የሁለቱ ወንዞች ተረት ምን ነበር?» አልኳት።

እጇን ከውኃው አወጣች። «አልሰማሽውም እንዴ? መጀመሪያ ላንቺ ጀምረውልሽ ነበር አሉኝ። ስልክሽን ትጎረጉሪ ነበር። ‹አንቺ ያዥላት፤ አንድ ቀን ትጠይቅሻለች› ብለውኛል።»

ነገረችኝ። ሁለት እኅትማማች ጅረቶች ከአንድ የዳሞት ተራራ ተወለዱ። ወደ ዓባይ ተያይዘው ሊወርዱ ተስማሙ። ታናሺቱ ግን ዓባይ እሷን ብቻ ልጄ እንዲላት ፈለገችና ታላቋን ጥላ በሌላ ሸለቆ ሮጠች። ስትደርስ ዓባይ መጀመሪያ የጠየቃት አንድ ነገር ነበር፤ «እኅትሽስ?» በክረምት ደፍርሳ የምትጮኸው ለዚህ ነው።

«እስከ ዛሬ ትጠራታለች» አለች ልጅቷ።

ስትነግረኝ እንደ እሳቸው ጉሮሮዋን ጠረገች። እሳቸው ክር ሲያስገቡ ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ እሷም ዝም አለች። አያቴ ጓሯችን ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

«ተረት ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«ለእንግዳ የተሰጠው። ከቤት ያልወጣው።»

በእርጥብ እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። «ሁለት ዓመት ፈጀብሽ!»

«መለስኩ እንግዲህ። ፈረስ ቤትን መልሺልኝ።»

«መቼ ወሰድኩትና?» አለችኝ።

ሳህኑን ጨረስን። ባዶ ጆንያዋን አጥፋ በብብቷ ስትይዘው ሰማያዊው ስፌት ወደ ውጭ ሆነ። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት፤ የጅጋው ሚኒባስ መጣና ተሳፈረች። ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ።