ግማሽ እስኪቀር የፈላ ውሃ

ሸሪፋ ሲጠይቋት አትወድም፤ መልስ መስጠት ግን ነፍሷ ነው። አስማ የምትባል የጤና ባለሙያ ውቤ በረሃ ወዳለው ግቢያቸው ቅጿንና የውሃ ናሙና ጠርሙሶቿን ይዛ ስትገባ መጀመሪያ ፊቷን አጠቆረችባት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ወሬዋን እየተከታተሉ መጻፍ አስማን አቃታት።

ጉዳዩ የግቢው ጉድጓድ ውሃ ነው። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ብቅ ብሎ ስለሚጠፋ፣ ግቢው ሰባት ዓመት ሙሉ የጠጣው ከጉድጓዱ ነው። የሸሪፋ ቤት ሰው ደግሞ ሳይፈላ አይጠጣም። አንድ ክረምት ተቅማጥ ሰፈሩን አልጋ ላይ ሲያውለው እሷ ቤት ዝር አላለም፤ ከዚያ ወዲህ በውሃ ነገር የሚከራከራት የለም። የሰፈሩ ቀልደኞች «ፋብሪካው» ይሏታል፤ እሷም ዝም የምትለው ስሙን ችላው አይደለም፣ ደስ ስለሚላት ነው።

ለልጇ ለረይሀና የሚፈላው ግን ለብቻው ነበር። ረይሀና ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ሦስተኛው አሁን አምስት ወሩን ይዟል፤ ሸሪፋም ይኼኛውስ አይሄድም ብላ ቆርጣ ተነስታለች። ድስቱን ሞልታ ትጥድና ግማሽ እስኪቀር ታንተከትከዋለች። ጀርሙ ብቻ ሳይሆን የጀርሙ ዘር ማንዘር እንዲያልቅ ነው።

«ነፍሰ ጡሯ በቀን ስንት ብርጭቆ ትጠጣለች?» ስትል አስማ ጠየቀች።

«ስምንት! አጠገቧ ቆሜ ነው የማስጠጣት።»

«ከዚሁ ውሃ ስንት ዓመት ጠጣች?»

«ከተቆፈረ ጀምሮ። ይልቅ ከጉድጓዱ ብቻ አትቅጂ፤ ለእሷ ካፈላሁት ድስትም ውሰጂና ለሌላው ሴት አስተምሪበት» አለችና ራሷ ሞልታ ሰጠቻት።

በሁለተኛው ሳምንት አስማ ተመለሰች። ሸሪፋ ልትመሰገን ነውና ወንበር ጠርጋ አስቀመጠቻት። አስማ ግን የምርመራውን ወረቀት ጭኗ ላይ ዘረጋች።

«እትዬ ሸሪፋ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አርሴኒክ ተገኝቷል። ከመሬት ውስጥ ካለ ድንጋይ የሚወጣ መርዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። ከሚፈቀደው አራት እጥፍ ሆኗል።»

ሸሪፋ ክው አለች። ቢሆንም ቶሎ ነፍስ ዘራች። «ታዲያ እኛ መቼ ጥሬውን ጠጥተን እናውቃለን!»

«ከድስቱ የሰጡኝ ስምንት እጥፍ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ጀርም አይደለም፤ እሳት አይገድለውም። ውሃው ተንኖ ሲሄድ መርዙ እዚያው ይቀራል። ግማሽ እስኪቀር ሲፈላ ደግሞ…»

የቀረውን ሸሪፋ አልሰማችም። የምድጃውን ጠርዝ ያዘች። ስንት ቀን፣ ስንት ድስት! እንፋሎቱን ስታይ ክፉው ወጣ እያለች ደስ ይላት ነበር፤ ለካ የወጣው ደህናው ነው። «ያ አላህ! በገዛ እጄ?» አለች። ድንጋጤው እንባዋን እንኳ አደረቀው።

ረይሀና በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አስማን አየቻት።

«የበፊቶቹስ?» አለች።

አስማ ቃል መረጠች። «እንዲህ ያለ ውሃ ለፅንስ አደጋ አለው። የእነዚያን ምክንያት ግን አሁን በእርግጠኝነት ሊነግርሽ የሚችል ሰው የለም። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እንዳትጠጪው። ነገ ሐኪም ያይሻል፣ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ረይሀና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ እናቷ መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት።

«እማዬ፣ አላወቅሽም እኮ።»

ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ሸሪፋ የልጇን እጅ ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችው።

«ተይኝ» አለች። «ሁለቱንም ጊዜ ከሐኪም ቤት ባዶሽን ስትመለሺ፣ ይጠግንሻል ብዬ መጀመሪያ ያጠጣሁሽ ይኼንኑ የድስቱን ውሃ ነው።»